ባለ አንድ ጆሮዋ ጋላክሲ

ታካሚዛዋ ቺዙሩ ትልቁን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዲሽ መንዳት የጀመረችው የመኪና መንጃ ፈቃድ ከማውጣቷ በፊት ነው። ይህን ስትናገር እንግዳ ሰው የምትቀልድ ይመስለዋል። ዲሹ ግን እውነትም ይነዳል። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚያህል ነጭ ብረት ነው፤ በክብ ሐዲድ ላይ እየተንከባለለ ይዞራል፣ ሲያዙት ቀና ይላል፣ ሲያዙት ያጎነብሳል። ዙሪያውን የሰላጣና የጎመን ማሳ ነው። የጃፓኑ የናጋኖ ደጋ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ግን አየሩን ስለሚያደርቀው ከሰማይ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ቦታ በአካባቢው የለም።

ቺዙሩ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የዲሹ ጣቢያ ከመንደሩ ሰው እየቀጠረ ነበር። የዲሽ ነጂዎቹ አለቃ ሞሮዙሚ ጠሯትና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ቀኑን ሙሉ አንድ የሚንቀጠቀጥ መስመር እያየሽ መቀመጥ ትችያለሽ?»

«ሰላጣ ሲበቅል እያየሁ ነው ያደግሁት።»

«ብርድስ?»

«ቤታችንን ቢያዩት ይህን አይጠይቁኝም ነበር።»

ቀጠሯት።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ሥራ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎች ከቶኪዮም ከሌላም ቦታ ይመጣሉ፣ የሚፈልጉትን የሰማይ ቦታ ይነግሯታል፣ እሷ ዲሹን ወደዚያ ታዞራለች። ለጥቂት ጊዜ ጋላክሲውን ታያለች፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ጊዜ አጠገቡ ያለውን ባዶ ሰማይ ታያለች። ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ሲቀንሱት የአየሩና የመሣሪያው ጫጫታ ይጠፋና የጋላክሲው ድምፅ ብቻውን ይቀራል። ዒላማ፣ ባዶ፣ ዒላማ፣ ባዶ። ባሏ «ከደመወዝሽ ግማሹ የሚከፈልሽ ባዶ ለማየት ነው» እያለ ይስቅባት ነበር።

ነገሩ የገባት በመንደሩ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ነው። ሞሮዙሚ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው መሙ ጠርዝ ላይ አጠገቧ ቆሙ። ልጆቹ ክቡን መም እየዞሩ ይሮጣሉ።

«ከዚህ ሆነሽ እይ» አሏት። «በግራ በኩል ያሉት ወዴት ነው የሚሮጡት?»

«ወደኛ።»

«በቀኝ ያሉትስ?»

«ከኛ እየራቁ።»

«ፊት ለፊታችን ያሉትስ?»

«እነሱማ ያቋርጡናል እንጂ አይመጡም፣ አይሄዱም።»

«በይ እንግዲህ፤ ልጆቹን አንሺና በቦታቸው ጋዝ አድርጊ። መሐሉን ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ አድርጊው።»

ከዚያ እጃቸውን እያወራጩ ማስረዳት ጀመሩ፤ የልጅ ልጃቸው መቼ እንደጨረሰ እንኳ አላዩም። በብዙ ጋላክሲዎች እምብርት ላይ ከፀሐያችን ሚሊዮን ጊዜ፣ አንዳንዴም ቢሊዮን ጊዜ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል። አብዛኛው ጾሙን ነው የሚያድረው። በአንዳንዶቹ ጋላክሲዎች ግን ጋዝ ወደ እምብርቱ ይፈስሳል፤ የነቁ የሚሏቸው እነዚህን ነው። ሰው ጋዙ እንደ ድንጋይ በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ የሚወድቅ ይመስለዋል። አይወድቅም። ከመጣበት ይዞት የመጣ ትንሽ ዙረት አለው፤ ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ዙረቱ ይፈጥናል፣ ፍጥነቱም እንዳይወድቅ ደግፎ ይይዘዋል። ስለዚህ እንደ ጠፍጣፋ ሰሃን ተዘርግቶ ይዞራል። ከውስጥ ያለው ከውጭ ካለው ስለሚፈጥን እርስ በርሱ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ዙረቱን ቀስ በቀስ ለውጭው እያስረከበ እሱ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። የጋለው ጋዝ የሚረጨው ብርሃን አንዳንዴ ከጋላክሲው ከዋክብት ሁሉ ተደምሮ ይበልጣል። ከጋዙ ብዙው ደግሞ በዚያው ብርሃን ተገፍቶ፣ ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ እንደ ነፋስ ወደ ውጭ ይመለሳል።

«እንደኔ የልጅ ልጅ ማለት ነው» አሉ ሞሮዙሚ። «ከቀረበለት ግማሹን ነው ወለል ላይ የሚበትነው።»

የቺዙሩን ቀልብ የገዛው ግን ቀጥሎ የነገሯት ነው። ከዚያ እሳት ራቅ ብሎ፣ ሰሃኑ በቀዘቀዘበት በኩል፣ ውሃ አለ። እንፋሎት ነው፤ ግን ያው የምንጠጣው ውሃ። ከእምብርቱ የሚመጣው ጨረር ሲያሞቀው የውሃው ቅንጣቶች አንዱ የሌላውን ሞገድ እያጎላ አንድ የሬዲዮ ድምፅ ይለቃሉ። የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ ቀጥኖ፣ ሲያልፍ ወፍሮ እንደሚጮኸው ሁሉ፣ ወደኛ ከሚመጣው ውሃ የሚወጣው ድምፅ ከፍ፣ ከሚርቀው የሚወጣው ዝቅ ይላል። ሰሃኑን በጠርዙ በኩል የምናየው ከሆነ እንግዲህ ነጂዋ በምታየው የስክሪን መስመር ላይ ሦስት ጉብታ ይወጣል፤ መሐል ላይ ከፊት ለፊታችን የሚያቋርጠው፣ በአንድ ጎን የሚመጣው፣ በሌላው ጎን የሚሄደው። ልክ እንደ ጥንቸል ጭንቅላትና ሁለት ጆሮ።

ቺዙሩ ያን ቀን ከሰዓት ዲሹን ስታዞር መስመሩ ላይ ጆሮ ትፈልግ ነበር ትላለች። ዓመታት አለፉ፤ ሞሮዙሚ ጡረታ ወጡ፣ እሷም አለቃ ሆነች፣ ፀጉሯ ሸበተ። ውሃ የሚጮህበት ጋላክሲ ተራው በደረሰ ቁጥር ግን ነጂነቱን ለማንም አትለቅም።

የቺዙሩ ጥንቸል አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያላት። ጋላክሲዋ በወረቀት ላይ ረጅም ቁጥር ናት፤ ነጂዎቹ «ባለ አንድ ጆሮዋ» ይሏታል። ጭንቅላቷ ይታያል። እየራቀ ያለው ጆሮም እንደ ችካል ቆሞ ይታያል። እየመጣ ያለው ግን የለም። ቺዙሩ በየዓመቱ ከበረዶው ወራት እስከ ዝናቡ መግቢያ ስትፈልገው ኖራለች። ኒዋ ቶሞሂሮ የተባለው ወጣት ተመራማሪ ጋላክሲዋን ሲረከብ ፍለጋውንም አብሮ ተረከበ።

አንድ ጆሮ ለምን አይበቃም? ከጉድጓዱ የሚሸሽ ነፋስም አንድ ጆሮ ሊያወጣ ስለሚችል ነው። ሁለት ጆሮ ከተገኘና ሁለቱም ከጭንቅላቱ እኩል ከራቁ ግን ሰሃን ነው፤ ሰሃን ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱን መመዘን ይቻላል። ውሃው ምን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚዞር ካወቅህ፣ መሐል ላይ ሆኖ የያዘው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ አወቅህ ማለት ነው። ርቀቱን ለመለካት በተለያየ አገር የተተከሉ ዲሾች አንድ ላይ ማየት አለባቸው። ኒዋ ይህን እንዲፈቅዱለት የዲሾቹን ጊዜ ለሚያከፋፍለው ኮሚቴ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ መልሱ በጨዋ ቋንቋ «ሁለተኛውን ጆሮ ይዘህ ና» የሚል ነበር። ሦስተኛው ማመልከቻ የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ ካለፈ ጋላክሲዋ ከሚታዩት ዝርዝር ትወጣለች። ዝናቡ ዛሬ ነገ ይገባል፤ ዝናብ ከገባ ዲሹ ይህን ሞገድ አይሰማም። ቺዙሩ ደግሞ በዚሁ ወቅት መጨረሻ ጡረታ ትወጣለች።

«ጆሮውን ሳላይ ሰላጣ ለቀማ መመለስ አልፈልግም» ብላው ነበር ኒዋን። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ እሱ ግን አልሳቀም።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ስትወርድ የባሏ ታላቅ ወንድም ኩኒዮ በሰላጣ መጋዘኑ ጥላ ሥር ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ በጨው የከረመ ቅጠል በሩዝ ሲበላ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ማቀዝቀዣችሁ ዘንድሮም ሊጮህብን ነው?» አለችው።

ይህ የቆየ ቀልዳቸው ነው። ድሮ የገበሬዎቹ ማኅበር ሰላጣውን የሚያቀዘቅዝበት መጋዘን ጣሪያ ላይ ትንሽ ዲሽ ሰቅሎ፣ የመጋዘኑን ሙቀት ለቢሮው በሬዲዮ ይልክ ነበር። ያ ሞገድ እየሾለከ ትልቁ ዲሽ ጆሮ ውስጥ ይገባ ነበር፤ አንዴ ጮሆ አንዴ ዝም ስለሚል ደግሞ ባዶውን በመቀነስ አይጠፋም። ሞሮዙሚ ከጎረቤት ጋር ከመጨቃጨቅ ሌላ መላ ዘየዱ፤ ጫጫታው የሚወድቅበትን ጠባብ ክልል በኮምፒውተሩ አጠሩት። ፕሮግራሙ ያን ክልል ሲደርስ ይዘለውና በግራና በቀኙ ካሉት ቁጥሮች አማካይ ወስዶ ለስላሳ መስመር ይሞላበታል። ነጂዎቹ «የሰላጣ አጥር» አሉት። ሞሮዙሚ ሲሄዱ አጥሩን ለቺዙሩ አስረከቡ፣ ቺዙሩም ለታናናሾቿ አስተማረች።

«የቱ ማቀዝቀዣ?» አለ ኩኒዮ አፉ ሙሉ ሆኖ።

«ጣሪያው ላይ ሬዲዮ ያለው ነዋ።»

«አንቺ ሴት፣ እሱ ከተነቀለ ቆየ እኮ። ትልቁ በረዶ የላስቲክ ቤቶቹን የጨፈለቀ ዓመት ጣሪያውም አብሮ ወረደ። አዲሱ በገመድ ነው።»

ቺዙሩ ቆማ ቀረች። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

«ከሰማይ ዳር የሚመጣ ሹክሹክታ ትሰሙ የለ? የኛ ማቀዝቀዣ ዝም ማለቱን አይሰሙም ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

«በየዓመቱ ስጠይቅህ ትስቃለህ እኮ።»

«አንቺ ስትስቂ ነዋ የምስቀው። ሥራሽ ላይ ያለ ቀልድ መስሎኝ። ... ወዴት ነው? ምሳሽስ?»

ምሳዋን ትታ ትንሿን የጭነት መኪና አስነስታ ሄደች። በመንገድ ላይ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጅቡ ከሄደ ስንት ዓመቱ፤ እነሱ ግን አጥሩን በየዓመቱ እያደሱ ኖረዋል። ከአጥሩ ጀርባ ምን ነበር?

ኒዋ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያን የማይረባ ማመልከቻ እያረመ ነበር።

«ኒዋ ሳን፣ የጠፋው ጆሮ ቢኖር ኖሮ በኔ መለኪያ የት ነበር የሚወድቀው?» አለችው፤ «ሳን» ጃፓኖች ከስም በኋላ የሚጨምሩት ማክበሪያ ነው።

«በእርስዎ መለኪያ?»

«በሜጋኸርዝ። አንተ ሁልጊዜ በሰከንድ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እያልክ ነው የምታወራው።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ነጂ የሚያስበው መሣሪያው በሚሰማው ሞገድ ነው፤ አጥሩም የታጠረው በዚያ ቁጥር ነው። ተመራማሪ የሚያስበው በጋዙ ፍጥነት ነው፤ ጆሮውም የሚፈለገው በዚህ ቁጥር ነው። አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ተራ ማባዛትና መቀነስ ነው፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራዋል። ግን አንድም ሰው፣ ቺዙሩም ኒዋም ከሱ በፊት የነበረውም ተመራማሪ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያውቅም። ኒዋ አጥር መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር፤ እሱ ጋ የሚደርሰው የተሞላው መስመር ነው።

ኒዋ አስልቶ ቁጥሩን ነገራት። ቺዙሩ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። አጥሩ መሐል ላይ ወደቀ።

ኒዋ ጣቷ ያረፈበትን ቦታ አጎንብሶ አየ። «እዚህ ጋ መስመሩ ሁልጊዜ ጨዋ ነበር» አለ። «እንዲያውም ጨዋነቱን ወድጄለት ነበር።»

«ጨዋ የሆነው አፉን ስለዘጋነው ነው።»

«ታካሚዛዋ ሳን፣ ጋላክሲዋ አሁን የት ናት?»

«ወጥታለች። ከራሳችን በላይ ልትሆን ነው።» ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዲሹም መንቀሳቀስ ጀምሯል።

የሬዲዮ ሞገድ ቀን አይል ሌሊት አይል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከታች ሰዎች የሰላጣ ሣጥን እየጫኑ፣ ዲሹ አንገቱን አቅንቶ ብርሃኗ ለመድረስ ሚሊዮን ዓመታት የፈጀባትን ጋላክሲ ያዘ። ቺዙሩ አጥሩን አፈረሰች። ዒላማ፣ ባዶ። ዒላማ፣ ባዶ።

«እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለች። እያወቀችው ነው የምትጠይቀው፤ በቃል መባሉን ትወዳለች።

«ከምድር የመጣ ጫጫታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውንም ስናይ ይኖራልና ሲቀነስ ይጠፋል። ከጋላክሲዋ ከሆነ ይቀራል።»

«በደቡብ በኩል ያለውን ደመናም አይተኸዋል?»

«ላለማየት እየሞከርኩ ነው።»

ደመናው ግን መጣ። ከጋላክሲ የውሃ ድምፅ ለመስማት የሚጥር ሰው ጠላቱ የራሱ ሰማይ ውሃ ነው፤ ያው ውሃ በዚያው ሞገድ ይጮሃልና። መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ወፈረ። አጥሩ በነበረበት ቦታ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ትንሽ ነገር ቀና ያለ ይመስላል። ይመስላል ብቻ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጣሪያውን መቱት። ቺዙሩ እንደ ደንቡ ዲሹን ፊቱን ወደ ላይ መልሳ አሰረችው። የአየር ትንበያው ዝናቡ እንደገባና እንደማይመለስ ይናገር ነበር።

ኒዋ ጉብታውን ዓይኑን አጥብቦ አየው። «ይህን ይዤ ብሄድ ይስቁብኛል። እኔ ራሴ ኮሚቴ ብሆን እስቅ ነበር።»

ቺዙሩ ስለ አጥሩ እያሰበች ነበር። አጥሩ የት ነው ያለው? ዲሹ ላይ አይደለም፣ መቀበያው ላይም አይደለም። የሰማውን አስተካክሎ የሚያሳየው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ዲሹ ራሱ የሰማውን ሁሉ...

«ኒዋ ሳን፣ እኛ የዘጋነው የማሳያውን አፍ ነው እንጂ የዲሹን ጆሮ አይደለም። ጥሬው መረጃ አለ።»

«የቱ ጥሬ?»

«የየዓመቱ። ሞሮዙሚ ጥሬ አይጣልም ይሉ ነበር፤ እኛም ጥለን አናውቅም። ከትልቁ በረዶ ወዲህ ያለው ሁሉ አለ፤ አጥር የለበትም፣ ሰላጣም የለበትም።»

ኒዋ ከወንበሩ ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

የመጀመሪያውን ወቅት ሲከፍቱ እጃቸው ፈጠነ፤ ቺዙሩ ናት «ቀስ» ያለችው። ከመደመር በፊት ሌላ ፈተና አለ። ምድር ፀሐይን ስትዞር ከፊሉን ዓመት ወደዚያች ጋላክሲ ትቀርባለች፣ ከፊሉን ትርቃለች። ስለዚህ ከሰማይ የመጣ ድምፅ በዲሹ መለኪያ በታኅሣሥ አንድ ቦታ፣ በግንቦት ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ቦታ መውደቅ አለበት። መንደር ውስጥ ያለ ማሽን ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ነው፤ አብሮን ስለሚዞር። የታኅሣሦቹን ለብቻ ደመሩ። ደካማ ጉብታ። የግንቦቶቹን ለብቻ ደመሩ። ደካማ ጉብታ፣ ግን ተንሸራትቶ። ኒዋ የምድርን ጉዞ አስልቶ ሁለቱን አስተያየ፤ የተንሸራተተው ምድር በምታንሸራትተው ልክ ነበር።

«መጋዘን ፀሐይን ብቻውን አይዞርም» አለ ኒዋ።

«በል አሁን ደምር።»

የምድርን ጉዞ አርመው ወቅቶቹን አንድ በአንድ አንዱን በሌላው ላይ ጨመሩ። ጫጫታ ሲደመር እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ እውነተኛ ድምፅ ሲደመር ያድጋል። ደግሞም የግራና የቀኝ ጆሮዎች በየዓመቱ ቦታቸውን አይለቁም፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው ጋዝ ቀጥ ብሎ ወደኛ የሚመጣ ወይም ቀጥ ብሎ ከኛ የሚርቅ ስለሆነ ፍጥነቱ አይለወጥም። ስለዚህ አሮጌው በአዲሱ ላይ በትክክል ይቀመጣል። አንድ ወቅት ሲጨመር መስመሩ ቀጠነ። ሌላ ሲጨመር ጉብታው ከመስመሩ ተለየ። ሌላ ሲጨመር ትከሻ አወጣ። ቺዙሩ እያንዳንዱን ወቅት ታስታውሰዋለች፤ ይህ መቀበያው የተበላሸበት፣ ይህ ልጇ ያገባችበት፣ ይህ ባሏ የታመመበት። በእያንዳንዱ ወቅት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የለም ብላ የጻፈችው ነገር አሁን ዓይኗ ፊት ቀስ እያለ ይነሳል።

የመጨረሻው ሲጨመር ጆሮው ቆመ። ከሌላው ያጠረ ነው፣ ጫፉም ለሁለት የተሰነጠቀ፤ ግን ማንም ዓይን ያለው ሰው ያየዋል። ኒዋ በማስመሪያ፣ በጥንቱ የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ ስክሪኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ግራ ጆሮ ለካ፤ ከጭንቅላቱ እስከ ቀኝ ጆሮ ለካ።

«እኩል ነው» አለ። «ታካሚዛዋ ሳን፣ እኩል ነው። ሰሃን ነው። እየዞረ ነው።»

ቺዙሩ እንባዋን በሥራ ልብሷ እጅጌ ጠረገች፤ ወዲያው ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከአዲሱ ጆሮ ወዲያ፣ አጥሩ ሊያልቅ ሲል፣ ሌላ በጣም ትንሽ ነገር አለ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ጫጫታ።»

«በደንብ እይ።»

ኒዋ አየ። ከጆሮው ወዲያ ያለ ነገር ከጆሮው የፈጠነ ነው፤ የፈጠነ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ የቀረበ ነው። «እውነት ከሆነ» አለ ቀስ ብሎ «ማንም በዚህች ጋላክሲ ካየው ጋዝ ሁሉ የቀረበው ነው። ግን ይህን አልጽፍም። ገና ነው። አንድ ሙሉ ወቅት እሱን ብቻ ማየት ያስፈልጋል።»

«ጆሮውን ጻፍ። ይኸኛውን አትጻፍ።» ቺዙሩ ተነስታ ጃኬቷን ደረበች። «የዘንድሮው ማመልከቻ ከተፈቀደ ሌሎቹ ዲሾች መቼ ያያሉ?»

«በበረዶው ወራት ይመስለኛል።»

«እኛስ?»

«እኛም ያኔ። የሚነዳ ሰው ከተገኘ።»

ቺዙሩ ወደ አስተዳደር ቢሮው የሚወስደውን ኮሪደር ያዘች። እዚያ ያለው ሠራተኛ የጡረታ ወረቀቷን አዘጋጅቶ ሊያስፈርማት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቃት ነበር። ጡረታ የወጣን ሰው መልሶ ለአንድ ወቅት መቅጠር እንደሚቻል ታውቃለች፤ ሞሮዙሚም እንዲህ አድርገው ነበር።

«ባለቤትዎ ግን ለሰላጣው እንደሚፈልግዎት እርስዎ ነግረውኝ ነበር» አላት ሠራተኛው፣ የምትለውን ከሰማ በኋላ።

«በበረዶ ወራት ሰላጣ የለም» አለች ቺዙሩ ወንበር እየሳበች።